አራት ፊርማ ያረፈበት ጠረጴዛ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1777 ጀርመንታውን በጉም ተሸፍና ነጋች። ፊላደልፊያን የያዘውን የእንግሊዝ ጦር ድንገት ሊያጠቃ ሌሊቱን ሲገሠግሥ ያደረው የጆርጅ ዋሽንግተን ሠራዊት ከሰሜን በኩል ገብቶ ተኩስ ከፍቷል። በጉሙ ላይ የባሩድ ጢስ ተጨመረበትና ወዳጅና ጠላት መለየት አስቸገረ፤ የአሜሪካ ጦር ክፍሎች እርስ በርስ እስከ መታኮስ ደረሱ። በዚያ ትርምስ መሐል ጄምስ አግኒው የተባለ የእንግሊዝ ጄኔራል በፈረሱ ሆኖ በዋናው ጎዳና ሲያልፍ፣ ከአንድ መቃብር ስፍራ አጥር ጀርባ የተተኮሰ ጥይት መትቶ ጣለው። ተሸክመው ወዳረፈበት ቤት ወሰዱት፤ ነፍሱም እዚያው ወጣች። ግራምብልቶርፕ የሚባለው ያ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። በአንዱ ክፍል የወለል ጣውላ ላይ የጄኔራሉ ደም ነው የሚባል ጠቆር ያለ እድፍ ለጎብኚ ይታያል።

የአካባቢው ሰው ከአባት ለልጅ ሲያወርሰው በኖረው ትረካ መሠረት፣ ተኳሹ ያደፈጠበት አጥር የሜኖናይቶች ነበር። ሜኖናይት ደግሞ በእምነቱ ጠመንጃ የማያነሣ፣ ንጉሥም ሆነ ኮንግረስ ቢያዘው የማይዘምት ክርስቲያን ነው። የጸሎት ቤታቸው ከተሠራ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ጦርነቱን አልጠሩትም፤ ጎዳናው ግን በደጃቸው ያልፋልና መጣባቸው።

ያ የጸሎት ቤት ዛሬም ጀርመንታውን አቬኑ ላይ በቁጥር 6119 ቆሟል። በሰሜን ምዕራብ ፊላደልፊያ፣ ከመሐል ከተማው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዚህ ሰፈር መንገደኛ ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል። ትንሽ ነው። ጉልላት የለውም፣ ደወል የለውም፣ ከጣሪያው ጫፍ መስቀል አይታይም። ውስጡም መሠዊያ ወይም ሥዕል የለበትም፤ ያሉት የእንጨት አግዳሚ ወንበሮችና ብርሃን የሚያስገቡ መስኮቶች ናቸው። ግድግዳው ከዚያው ከዊሳሂከን ወንዝ ሸለቆ በተፈለጠ ድንጋይ የተሠራ ነው። ድንጋዩ ከሩቅ ሲያዩት ግራጫ ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ግን ሚካ የተባለው ማዕድን በስስ በስሱ ተነባብሮ ገብቶበታል፤ ፀሐይ ያረፈችበት እንደሆነ ብልጭ ብልጭ ይላል። የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የተገነቡት በዚህ ድንጋይ ነው፤ የሀብታሙም ቤት፣ የባለእጁም ቤት፣ የጸሎቱም ቤት።

ይህን ቤት ጠቃሚ የሚያደርገው ዕድሜው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው የሜኖናይት ጉባኤ የተሰባሰበው እዚሁ ላይ ነው። የድንጋዩ ቤት በ1770 ከመሠራቱ በፊት በዚሁ ስፍራ በ1708 የቆመ ከግንድ የተሠራ የጸሎት ቤት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰዎቹ ማን እንደነበሩ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል። በጃንዋሪ 1525 ዙሪክ ውስጥ ጥቂት ሰዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው እርስ በርስ ተጠማመቁ። ሁሉም በሕፃንነታቸው የተጠመቁ ነበሩ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና በምትነሣበት አገር ላደገ ሰው ድርጊታቸው እንዴት እንደሚያስደነግጥ መገመት አያዳግትም። ጥምቀት አውቆ፣ አምኖና ወስኖ ለሚመጣ ሰው ነው አሉ፤ መንግሥት በእምነት ላይ ሥልጣን የለውም አሉ፤ አብዛኞቹም ክርስቶስን የሚከተል ሰይፍ አይመዝም አሉ። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አንድ ሆኖ ተነሣባቸው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የነበረውን ፌሊክስ ማንትስን በ1527 ዙሪክ መሐል በሚያልፈው ወንዝ ውስጥ አሰጥመው ገደሉት። ሜኖ ሲሞንስ የተባለው የፍሪስላንድ ቄስ በ1536 ክህነቱን ትቶ ከእነርሱ ጋር ተቀላቀለና የተበተነውን ሕዝብ አሰባሰበ። ስማቸው የወጣው ከእርሱ ስም ነው።

በ1683 ክሬፌልድ ከምትባል የራይን አካባቢ ከተማ 13 ቤተሰቦች ኮንኮርድ በምትባል መርከብ ተሳፍረው ኦክቶበር 6 ቀን ፊላደልፊያ ደረሱ። ዊልያም ፔን፣ እንደ ሜኖናይቶች ሰይፍ አንይዝም ለሚሉት ኩዌከር ለተባሉ ክርስቲያኖች ባቋቋመው ግዛት ማንም ስለ እምነቱ አይታሰርም መባሉን ሰምተው ነበር። አብዛኞቹ ከሜኖናይት ቤተሰብ የተወለዱና ኋላ ወደ ኩዌከርነት የገቡ ነበሩ፤ ሜኖናይት ሆነው የጸኑም ነበሩባቸው። መሬቱን ያስተዳድር የነበረው ፍራንሲስ ዳንኤል ፓስቶሪየስ የተባለ የሕግ ምሁር ገና በምድር ውስጥ በተቆፈረ ጎጆ ይኖር ነበር። በዚያችው ጎጆ ተሰብስበው ዕጣ አወጡ፤ እያንዳንዱም የደረሰውን ቁራሽ መሬት ይዞ፣ ሌናፔ የተባሉት የአገሩ ተወላጆች ሲመላለሱበት በኖሩት መንገድ ግራና ቀኝ ሰፈረ። ጀርመንታውን አቬኑ ያ መንገድ ነው። ቀጥ ብሎ የማይሄደውም ለዚህ ነው።

እጃቸው የሚያውቀው ሥራ ሽመና ነበር። ተልባ ዘርተው፣ ከአገዳው ፈትል አውጥተው በፍታ ይሸምኑ ነበር። የከተማዋ ማኅተም እንኳ የወይን ሐረግ፣ የተልባ አበባና የሸማኔ መሣሪያ የተቀረጸበት ነበር። ከተማዋ የራሷን አስተዳደር የመምረጥ መብት ቢሰጣትም ብዙም ሳይቆይ በ1707 አጣችው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሹመት የሚቀበል መጥፋቱ ነው። መማል የማይፈቅዱ፣ ሰው ማሰርና መቅጣት ኅሊናቸውን የሚከብዳቸው ሰዎች ዳኛና ሸሪፍ ሁኑ ቢባሉ እምቢ አሉ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልምጣ። የጸሎት ቤቱን የሚጠብቀው የታሪክ ማኅበር በአደራ ከያዛቸው ዕቃዎች መካከል አንድ አሮጌ የእንጨት ጠረጴዛ አለ። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትረካ መሠረት በኤፕሪል 1688 አራት ሰዎች በባሪያ ንግድ ላይ ያወጡትን ተቃውሞ የፈረሙት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። የተሰበሰቡት ከጸሎት ቤቱ ወደ ደቡብ አንድ ማይል ያህል ወርዶ በነበረው በቶነስ ኩንደርስ ቤት ነበር፤ ዛሬ ቦታውን የሚያመለክት ሰሌዳ ቆሞበታል። ፈራሚዎቹ ጋሬት ሄንድሪክስ፣ ፓስቶሪየስ፣ እንዲሁም ዴሪክና አብርሃም ኦፕ ደን ግራፍ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። የወንድማማቾቹ አያት በክሬፌልድ የታወቀ የሜኖናይት መሪ ነበር። ሁለቱ ግን በዚያን ጊዜ ከኩዌከሮች ጋር ያመልኩ ነበርና ወረቀቱ የቀረበው ለኩዌከሮች ጉባኤ ነው።

ጽሑፉ አጭር ነው፤ እንግሊዝኛውም የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ባልሆነ ሰዎች እንደተጻፈ ያስታውቃል። ሐሳቡ ግን አይንገዳገድም። እኛ ባሕር ስንሻገር የቱርክ መርከብ ይዞ ይሸጠናል ብለን ስንፈራ ነበር፤ ታዲያ ይህ ከዚያ በምን ይሻላል ብለው ይጠይቃሉ። ቆዳው ጥቁር ስለሆነ ሰውን ባሪያ ማድረግ ነጩን ባሪያ ከማድረግ የተለየ መብት እንደማይሰጥ፣ የሰረቀውና ከሌባ የገዛው አንድ እንደሆኑ፣ ባልን ከሚስት ለይቶ መሸጥ ሰዎችን ወደ ዝሙት መግፋት እንደሆነ ይዘረዝራሉ። በአውሮፓ ሰው ስለ ኅሊናው ይጨቆናል፣ እዚህ ስለ ቆዳው ይጨቆናል ይላሉ። ከሁሉ የሚከብደኝ የመጨረሻው ጥያቄያቸው ነው፦ ባሪያዎቹ አንድ ቀን ለነፃነታቸው ቢነሡ፣ ሰይፍ አንይዝም የሚሉት ጌቶች ሰይፍ ይዘው ሊወጉአቸው ነው ወይ? እነዚያስ ለነፃነታቸው የመዋጋት መብታቸው ጌቶቻቸው እነርሱን ለመያዝ ካላቸው መብት ያንሳል ወይ? የማይዋጉ ሰዎች ናቸው ይህን የጻፉት። በገዛ እምነታቸው ዓለምን ሲመዝኑ ሚዛኑ በራሳቸው ወገን ላይ እንደሚያጋድል አይተው አልሸሹትም።

ወረቀቱ የደረሰበት ነገር ጉዳይ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በኤፕሪል ማብቂያ የወረዳው ወርኃዊ ስብሰባ አየውና ከአቅማችን በላይ ነው ብሎ በጁን ለሚሰበሰበው ለሦስት ወሩ ጉባኤ አስተላለፈ። ያም ክብደቱን ጠቅሶ ለዓመታዊው ጉባኤ መራው። በሴፕቴምበር በበርሊንግተን የተቀመጠው ዓመታዊ ጉባኤ ቁርጥ ያለ ውሳኔ መስጠት አግባብ አይደለም ብሎ ወደ ጎን አደረገው። ከተሰብሳቢዎቹ ባሪያ ያላቸው ነበሩና። የፊላደልፊያ ኩዌከሮች ባሪያ የያዘ ሰው ከእኛ አይቆጠርም ብለው የወሰኑት በ1776 ነው፤ ከዚያች ወረቀት 88 ዓመት በኋላ። በመላው አሜሪካ ባርነት በሕግ የተወገደው ደግሞ በ1865 ነው።

ወረቀቱ ራሱ ተረስቶ ሳለ በ1844 ተገኘ። ከዚያም እንደገና ጠፋና በ2005 በፊላደልፊያ አንድ የኩዌከሮች መሰብሰቢያ ቤት ካዝና ውስጥ ተገኘ፤ አሁን በሃቨርፎርድ ኮሌጅ ይጠበቃል። በአሜሪካ ባርነትን የተቃወመ የመጀመሪያው የጽሑፍ ሰነድ መሆኑ የሚነገርለት ይህ ገጽ ሁለት ጊዜ ለዘላለም ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር ማለት ነው።

የዚህ ሰፈር ታሪክ ከወረቀት ጋር የተቆራኘ ነው። የጉባኤው የመጀመሪያ አገልጋይ ዊልያም ሪተንሃውስ በ1690 ዊሳሂከን አጠገብ በሚወርድ ጅረት ላይ የወረቀት ፋብሪካ አቆመ፤ በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ግዛቶች የመጀመሪያው ነው። የዚያን ጊዜ ወረቀት ከእንጨት ሳይሆን ከእራፊ ጨርቅ ይሠራ ነበር። ጎረቤት የሸመነው በፍታ ልብስ ሆኖ፣ አርጅቶ፣ ተቀዳዶ ሲጣል በውኃ ተዘፍዝፎና ተወቅጦ ወረቀት ይሆናል። የሪተንሃውስ የልጅ ልጅ ልጅ ዴቪድ የታወቀ የሥነ ፈለክ ሊቅና የአሜሪካ መንግሥት የሳንቲም መቅረጫ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። ክሪስቶፈር ሳወር ደግሞ በ1743 ጀርመንታውን ውስጥ በጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ አተመ፤ በአሜሪካ በአውሮፓ ቋንቋ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ልጁ ያሳተመው ሦስተኛው እትም ገና ሳይጠረዝ የ1777ቱ ጦርነት ደረሰ፤ ወታደሮች ገጾቹን ወስደው ለጠመንጃ ጥይት መጠቅለያ እንዳደረጉት ይነገራል። እትሙን ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ ታሪክ ነው።

ከጸሎት ቤቱ ወደ ሰሜን ጥቂት ደቂቃ በእግር ሲሄዱ ሁለት ቤቶች ይገኛሉ። ሁለቱም ከዚያው ከሚያብለጨልጨው ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም የጸሎት ቤቱን በገነባው በያዕቆብ ኖር እጅ ተሠሩ ይባላል። ትልቁ ክላይቭደን ነው፤ ቤንጃሚን ቹ የተባለው ባለሥልጣን የበጋ መኖሪያ። በጦርነቱ ዕለት 120 ያህል የእንግሊዝ ወታደሮች ገብተው በሩን ቀርቅረው ተዋጉበት፤ የዋሽንግተን መድፍ ግድግዳውን ሊያፈርሰው አልቻለም፤ በዚህ የባከነው ጊዜም ለሽንፈቱ አንድ ምክንያት ሆነ። ቹ በእርሻዎቹ ብዙ ባሪያዎች የነበሩት ሰው ነው። በኋላ የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያንን የመሠረተው ሪቻርድ አለን በ1760 የተወለደው የዚህ ሰው ባሪያ ሆኖ ነበር። ከክላይቭደን ማዶ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው የጆንሰን ቤት በ1768 የተሠራ ሲሆን፣ በ1850ዎቹ የኩዌከር ቤተሰብ ከደቡብ ያመለጡ ባሪያዎችን ሸሽጎ ያሳልፍበት ነበር።

ለብዙ ዓመታት በየኦክቶበሩ በክላይቭደን ሣር ላይ ጦርነቱን በትርዒት ማሳየት ልማድ ነበር፤ ቀይ ለባሽና ሰማያዊ ለባሽ ባዶ ባሩድ እየተኮሰ ሕዝቡን ያስደስታል። ባይጠላም፣ ክብሩ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። በዚያ ማለዳ የተዋጉት ሁለቱም ወገኖች ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩባቸው። ዋሽንግተን ራሱ በ1793 ቢጫ ወባ ፊላደልፊያን ሲፈጃት ሸሽቶ የተቀመጠበት የጀርመንታውን ቤት ባሪያዎቹም የሚያገለግሉበት ቤት ነበር። ከጦርነቱ 89 ዓመት ቀድሞ በዚሁ ጎዳና የተጻፈው ወረቀት የሚበልጥ ድፍረት ነበረው፤ ግን መድፍ የለውም፣ ለትርዒትም አይመችም።

ሰፈሩ ያልጻፈው ታሪክም አለው። በ1755 የከተማዋ ነዋሪዎች ለእንግዶች፣ ለጥቁሮችና ለክልሶች መቀበሪያ የሚሆን መሬት ገዙ፤ በራሳቸው መካነ መቃብር እንዲቀበሩ አልፈለጉምና። የሜኖናይቱ መቃብር በስም የታወቀ ነው፤ የእነዚህ ግን ስማቸውን የያዘ ድንጋይ የለም። በ1950ዎቹ በመቃብሩ ላይ ባለ 16 ፎቅ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃ ተሠራ። በ2014 ሕንፃው ሲፈርስ ነዋሪዎች አጥብቀው በመከራከራቸው መቃብሩ ያለበት መሬት ዳግመኛ ሳይገነባበት ባዶውን እንዲቀር ተደረገ። ባሪያን መያዝ ኃጢአት ነው ተብሎ በተጻፈበት ከተማ ጥቁር ሰው የሚቀበርበት ለብቻ መከለሉ መዘለል የለበትም፤ አራቱ ፈራሚዎች በዘመናቸው ምን ያህል ብቸኞች እንደነበሩ የሚያሳየው ይህ ነው።

የዛሬዋ ጀርመንታውን በአብዛኛው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ ተዘግተዋል፤ በ1914 የተከፈተው የሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር ጥቂት ሲቀረው በ2013 ተዘጋ። የሜኖናይቱ ጉባኤም ለዘወትር አምልኮ ከአሮጌው ቤት ወጥቶ በአቅራቢያው ሌላ ሕንፃ ይሰበሰባል። በ1997 የተመሳሳይ ጾታ ፍቅረኞችን በሙሉ አባልነት በመቀበሉ ከአካባቢው የሜኖናይት ኅብረት ተሰናብቷል። በአሜሪካ የሜኖናይቶች ሁሉ እናት የሆነው ጉባኤ ከልጆቹ መለየቱ ብዙዎችን ያሳዘነ፣ ብዙዎችንም ያከራከረ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ጎዳና ወደ አዳማ የሚወስድ መንገድ አለ። ጀርመንታውን ከተመሠረተች በኋላ በተከታታይ የመጡት ሜኖናይቶች ወደ ውስጥ ገብተው ላንካስተር በሚባለው አውራጃ ሰፈሩ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ኢትዮጵያን ሊረዱ የመጡትን የሜኖናይት ሠራተኞች ተከትለው የመጡት ሚሲዮናውያን በብዛት የተላኩት ከዚያ ነው። የእርዳታ ሠራተኞቹ በ1946 ናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) በነበረ አሮጌ የጥጥ መዳመጫ ሕንፃ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታልን ከፈቱ። በ1951 የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ምእመናን ተጠመቁ፤ በ1959 ቤተ ክርስቲያናቸው መሠረተ ክርስቶስ የሚለውን ስም ያዘች። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱን ሲዘጋና ንብረቷን ሲወርስ አባላቷ 5 ሺህ ያህል ነበሩ። መሪዎቿ ያለ ፍርድ ዓመታትን በእስር አሳለፉ። ምእመኑ አራትም አምስትም እየሆነ፣ መዝሙሩን ዝቅ አድርጎ በየቤቱ ተሰበሰበ፤ ብዙውን የመሩትም ሴቶች ነበሩ። ደርግ ወድቆ በሮቹ ሲከፈቱ አባላቱ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። መሠረተ ክርስቶስ ዛሬ በዓለም ካሉት የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት በምእመን ብዛት ትልቋ ናት።

ስለዚህ በፊላደልፊያና በዙሪያዋ የምትኖሩ ወገኖች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጀርመንታውን አቬኑን በእግራችሁ ውረዱ፤ የጸሎት ቤቱን፣ የጆንሰንን ቤትና ሕንፃ የፈረሰበትን የመቃብር መሬት አሳዩአቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በተዘጋችበት ዘመን የኖራችሁ የመሠረተ ክርስቶስ ምእመናን ደግሞ፣ በአዳማም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት ያላችሁ፣ ከእስር ቤት የወጣ ደብዳቤ፣ የቤት ለቤት ስብሰባ ማስታወሻ ወይም የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ በሻንጣ ውስጥ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት። የጸሐፊውን ስምና ቀኑን ጻፉበት፣ ቅጂ አንሡለት፣ አንዱን ቅጂ ቢሾፍቱ ላለው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሴሚናሪ አስረክቡ። የጀርመንታውኑ ወረቀት የተገኘው በዕድል ነው፤ የእናንተን ለዕድል አትተዉት።